የባቡር ነጂው ጥሪ

«አባዬ፣ ከፍ አድርገው! ሳተላይቷ አሁን ከውሃ ታንከሩ በላይ ናት» አለች ልጁ፣ ዓይኗን መንገዷን ከሚያሳየው ስልኳ ሳትነቅል።

ሬዲዮ ጠጋኙ አንቴናውን ወደ ሰማይ አነሳ። ከአናጢ የብረት ሜትር ቆራርጦ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ሐኪሞቹ የጉሮሮውን እብጠት ሲያወጡ ድምፁንም ይዘውት ከሄዱ አራት ወር ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱንም ልጁ ጎትታ ነው ያወጣችው።

መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ተደግፎ ግን ሬዲዮውን ሲያዳምጥ ከርሟል። ባሕር ማዶ አንድ ባቡር ነጂ አለ። አሥራ አንድ ዓመት በሬዲዮ ሲያወጉ መልኩን እንኳ አያውቀውም። ድምፃቸውን የምታቀባብለው ሳተላይት ሁለቱንም አንድ ላይ የምታየው ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚያች አሥር ደቂቃ የስንቱን ቤት ጉድ ተጨዋውተዋል። ባለፉት አራት ወራት ባቡር ነጂው ሳተላይቷ ባለፈች ቁጥር «ወንድሜ፣ አለህ ወይ?» ይላል። ማን ይመልስለት?

«እኔ ልንገረው» ብትለው ልጁ፣ «የሬዲዮ መናገሪያ ፈቃድ የለሽም» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈላት። አጥንታ ተፈተነች። ትናንት ፈቃዷን አምጥታ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ማመካኛ አለቀበት።

እሽሽ ይል የነበረው የሬዲዮው ድምፅ ድንገት ጥርት አለ።

«ወንድሜ፣ አለህ ወይ?» ድምፁ ደክሟል፤ ከልማድ የሚጣራ ይመስላል።

ልጅቱ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። አዲሱን የጥሪ መለያዋን ስትናገር ምላሷ ተሳሰረ፤ ደገመችው። «የእሱ ልጅ ነኝ። አጠገቤ ቆሟል። ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ጠፋ እንጂ ደህና ነው። የሚሉትን ይሰማል።»

ጠጋኙ ልጁን ማየት አልፈለገም። የፈራው ይህንን ነበር፤ አሁን ያዝንልኛል አለ በልቡ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታስተነፍሰኝ ኖረህ» አለ ባቡር ነጂው፣ «ይኸው ተራዬ ደረሰ!» ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ቀብሬህ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።»

ጠጋኙም ሳቀ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ሬዲዮውን ከልጁ እጅ ነጥቆ ቁልፉን ተጫነና አፉን አስጠጋ። ከንፈሩ ብዙ ተናገረ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ባቡር ነጂው፣ ጠጋኙ ቁልፉን ሲለቅለት። «እኔም ጡረታ ወጣሁልህ። አሁን የምኖረው ጣቢያው አጠገብ ነው። ታዲያ ባቡር ባለፈ ቁጥር ከአልጋዬ እነሳና…»

እሽሽታው ዋጠው። ሳተላይቷ ከፎቆቹ ጀርባ ወርዳለች። ጠጋኙ አንቴናውን ዝቅ አደረገ፣ ወደ ግራ መለሰ፣ እጁን እስኪያመው ዘረጋ። የቀረችውን ቃል ፍለጋ። ምንም የለም።

«እንውረድ አባዬ፣ ብርዱ ይመታሃል።»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን በአየር ላይ አዞረ። ሳተላይቷ መቼ ነው የምትመለሰው ማለቱ ነው።

«ከዘጠና አምስት ደቂቃ በኋላ። ግን በጣም ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፤ ምንም ላንሰማ እንችላለን።»

ጣሪያው ላይ የነበረውን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። አንቴናውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና ፊቱን ሳተላይቷ ወደምትወጣበት አዞረ።