የገና ማግስት ደጇ ላይ የተቆለለው የበግ ቆዳ

"ይሄን እንኳ አልጭንም..."

ጊፍቲ የሰማችውን ማመን አቃታት።

ይህን ያላት ጂራ ነው። በአህያ ጋሪው እየዞረ የሰፈሩን ቆሻሻ የሚሰበስበው። የበሰበሰ የሽንኩርት ልጣጭ ሳይመርጥ የሚጭን ሰውዬ፣ ደጇ ላይ የተከመረውን የበግ ቆዳ አልነካም አለ።

"ለምን? ቆሻሻ አይደለም እንዴ?"

"ጨው እኮ አለው። ይሄን ብወስድ ሰፈሩ በሙሉ ይጣላኛል" አለና አህያውን ነድቶ ሄደ።

ጊፍቲ ባዶ ጆንያዋን እንደያዘች ቀረች... ጨው?

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጊፍቲ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ወደ አምቦ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። የሦስት ዓመት ልጇን ሃቦኔን ይዛ፣ ስንት ቦታ ተንከራትታ በመጨረሻ የምትወደው ቤት ተከራየች።

ታዲያ ከገና በፊት በነበረው የሰፈር ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና...

"በበዓል ቆዳና ፈርስ ወንዝ ዳር የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ" አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መጤዋ ደፍራ ተናገረች።

የገና ዕለት ከሰዓት በሯን ስትከፍት አንድ የበግ ቆዳ ደጇ ላይ ተቀምጧል።

ሲመሻሽ... አራት።

በማግስቱ ጠዋት... ሰባት።

ግራ የገባት ደግሞ አጣጣፉ ነው። ሁሉም በሥርዓት ታጥፏል፤ ሁሉም ላይ ጨው ተነስንሷል። ሰው ለሚጥለው ነገር ጨው ያባክናል? ድግምት ይሆን? ጊፍቲ ጴንጤ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አታምንም።

"ስለተናገርኩ ነው... ውጪልን እያሉኝ ነው" አለች።

ስልኳን አውጥታ ለአከራይዋ ደወለች። ቤቱን ልትለቅ።

ስልኩ እየጠራ ሳለ ጎረቤቷ ዶርቃስ በሳፋ ስምንተኛ ቆዳ ይዛ መጣች። ያውም ፈገግ ብላ።

"አያነ ጋሪ፣ እንኳን አደረሰሽ ጊፍቲ" ብላ ክምሩ ላይ ጨመረችው።

ጊፍቲ ስልኩን ዘጋችው። ዕንባዋ መጣ።

"ዶርቃስ... እኔ ምን በደልኳችሁ?"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ቤቱን እለቅላችኋለሁ። ቆሻሻችሁን ግን ደጄ ላይ አትከምሩብኝ።"

አሁን ደግሞ ዶርቃስ ግራ ገባት። ጊፍቲን አየች፣ ቆዳውን አየች...

"አንቺ... ስለ ኦቦ ሂርጳ ማንም አልነገረሽም?"

ማንም አልነገራትም። ሁሉም ሌላው የነገራት መስሎት ነበር።

ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ጨው በከረጢት አንጠልጥለው፣ ጋሪ አስከትለው ብቅ አሉ። ከጊፍቲ በፊት እዚያ ቤት ሃያ ዓመት የኖሩት ኦቦ ሂርጳ ናቸው። አሁን ልጃቸው ጋ ገብተዋል።

"ይቅርታ ኢንተለ ኮ" አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ቆዳ ገዢ ከሰፈራችን ከጠፋ ወዲህ ሰው ወንዝ ዳር ይጥለው ጀመር። እኔ ነኝ ጨው ነስንሳችሁ ደጄ አምጡልኝ ያልኩት። ቤት ብለቅም ደጁን ለመዱት።"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"አለፋዋለሁ። አጎዛ ሲሆን ለአራሶች ወደ ጎጆ እልከዋለሁ። እዚያ ብርዱን ታውቂው ይሆናል።"



ጊፍቲ ዘወር ብላ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ሃቦኔ የምትተኛበትን አጎዛ ይዛለች። ጎጆ ስትወልዳት፣ በዚያ ውርጭ፣ ነርሷ ከሥሯ ያነጠፈችላት ነው። "ማን እንደሚልከው አናውቅም" ብላት ነበር።

ኦቦ ሂርጳ ገልበጥ አድርገው ጥጉን ዳሰሱት። የተቀደደውን የሰፋው ቀይ ክር አሁንም አለ።

"ይሄ ስፌት የኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ጊፍቲ ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች... ቆሻሻ ነው ብላ ልታስጭነው የነበረው፣ ልጇን ያሞቀው ነው።

ስልኳ ጠራ። አከራይዋ ናቸው።

"ደውለሽልኝ ነበር?"

"አዎ... ለሚመጣው ገናም እዚሁ ነኝ ልልዎት ነው" አለች።

ወገኖቼ፣ እኛ የጣልነው ነገር የሆነ ሰው ጋ ሲደርስ ፍራሽም ብርድ ልብስም ነው። ጎረቤትንም ከመቀየም በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አይከብድም። ጊፍቲ ብትጠይቅ፣ እነሱም ቢነግሯት፣ በዓሏን በሰቀቀን ባላሳለፈች።

እናንተስ... ሳትጠይቁ የተቀየማችሁት ጎረቤት አለ? የዘንድሮው የበግ ቆዳችሁስ የት ደረሰ? እውነቱን ጻፉልኝ።