ከሽቦው ወዲያ ያለው መቃብር

አሮጊቷ በደቡብ ኮሪያዋ ፒዮንግቴክ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር አጥር ስር ማጭዷን ይዛ ቆማ ነበር። ሰፈሩ ሲሰፋ በአጥሩ የታጠረው የባሏ መቃብር ከሽቦው ወዲያ ሣር ውጦት ይታያል። ከመኸሩ በዓል በፊት የመቃብር ሣር ማጨድ ወግ ነው፤ እሷ ግን በየዓመቱ ማጭዷን ስላ ትመጣና ከውጭ ሰግዳ ትመለሳለች።

«እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይወጡም» አላት ልጇ። «የአገራቸው ምክር ቤት እዚህ ያለው ወታደር እንዳይቀነስ በሕግ ከልክሏል።»

«ለኛ አስበው ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«አባትህን ሣር እንደዋጠው ነግረሃቸዋል?»

ይህን ብላ ተንበርክካ ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ሣር ማጨድ ጀመረች። አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ሲጸዳላት ማጭዱን ለልጇ አቀበለችው።

«እኔን እዚህ ቅበረኝ» አለችው። «የኔን ሣር እንኳ ማጨድ አያቅትህም።»