አራተኛው ጓጉንቸር

የበረሃዋ ከተማችን የዩማ ሙቀት ድንጋይ ያፈላል ብል ውሸቴን የለመዱ ይስቃሉ። ይሳቁ! በዚያ በጋ ግን የአየር ማቀዝቀዣ ስለበዛ ትራንስፎርመሩ በየቀኑ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ዘረጋን። መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ማንም እንዳያበራበት ማብሪያው ላይ ስሙ ያለበትን ጓጉንቸር ይሰቅላል፤ ሲወርድ ራሱ ይፈታል። ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ፈታን። አንድ ጓጉንቸር ተረፈ፤ «ኤሉቴሪዮ» ይላል። እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም።

«ቤቶ፣ ይሄ ያንተ ቀልድ ነው!» አለኝ ኢንጂነር ሃሊስ።

«የኔ ቢሆን ያንተን ስም ነበር የምጽፍበት» አልኩት።

«ቁረጡት! መብራት ጠፍቶ ሽማግሌዎች በሙቀት እያለቁ ነው!»

አለቃችን ዶን ኔስቶር ኢንጂነሩ ያነሳውን የብረት መቁረጫ ነጠቀው። «የሰው ጓጉንቸር ባለቤቱ ነው የሚፈታው። ከፈለግህ አባርረኝ።»

«ምሰሶው ላይ ማንም የለም እኮ!» አለ ኢንጂነሩ።

እኔም ማብሪያውን በጀርባዬ ከልዬ ቆምኩ። «የኔም እናት እዚያ ሙቀት ውስጥ ናት። ጓጉንቸሩን ግን አትነካም!»

ያኔ የምሰሶው ጫፍ ቀጭ አለ። እኛ የሠራነው በመኪና ማንሻ ክንድ ላይ ሆነን ነው፤ አዲሱ የእንጨት ምሰሶ ላይ ማንም በእግሩ አልወጣም። ምሰሶ መውጫ ጫማ ላይ ያለው ሹል ብረት የሚተወው ዓይነት ቀዳዳ እንጨቱ ላይ ታየ። ከሥሩ ሌላ። ከዚያም ሌላ፤ ቀስ እያለ፣ ወደ እኛ።

«ዞር በል፣ ኢንጂነር» አለ ዶን ኔስቶር። «ሰውዬው ይውረድ።»