የእሁድ እጥበት

እሁድ እሁድ ባሏ መኪናውን ሊያጥብ ሲወርድ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ቡፌው ላይ ያስቀምጣል። "ቀለሟን ይጭርብኛል" ይላል። አንድ ጠዋት ልታግዘው ብላ በሯን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውል አይቶ እንዴት ጮኸባት! "አቧራው እኮ አሸዋ ነው! መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሻምፖ፣ ከዚያ ነው ለስላሳ ጨርቅ!" ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ መኪናዋን እንደ መስታወት አሳምሮ፣ እያፏጨ ይመለሳል።

ዛሬ ግን ለስላሳውን ጨርቅ ረስቶ ወረደ። ይዛለት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ማቆሚያ ሄደች። መኪናዋ አቧራ እንደለበሰች ቆማለች፤ የኋላ መስታወቷ ላይ አንዱ በጣቱ "እጠቡኝ" ብሎ ጽፎባታል። ባሏ የለም። ቁርሱን ሲበላ የነበረው ዘበኛ ብድግ አለ።

"እትዬ፣ አሁን ልጀምር ነው። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ባልዲውን ሰጥተውኝ፣ ሽቷቸውን ነፋ ነፋ አድርገው በታክሲ ሄዱ። እስኪመለሱ አደርሳታለሁ።"

"አንተ ቁርስህን ብላ" አለችው ፈገግ ብላ። "ዛሬ እኔ እወለውላታለሁ።"

ደረቁን ጨርቅ ይዛ ከሾፌሩ በር ጀመረች። ቀለበቷን አላወለቀችም።