ቁስሉን እንጂ ፊቱን

በድንገተኛ ክፍሉ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁሉም «አሥር አለቃ» ይላቸዋል። ሃያ ዓመት በጦር ሜዳ ቁስለኛ ሲያክሙ ኖረው የመጡ ነርስ ናቸው። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ሕመምተኛ የሚታየው በመጣበት ተራ ነበር፤ ጣቱ የተቆረጠው ቀድሞ ከደረሰ፣ ደሙ እንደ ቧንቧ የሚወርደው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አሥር አለቃ ይህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና በማግስቱ አራት ዓይነት ሪባን ገዝተው መጡ።

ቀይ የታሰረለት አሁኑኑ ይገባል። ቢጫ ይጠብቃል። አረንጓዴ በእግሩ ሄዶ ይቀመጣል። ጥቁር የሚታሰረው፣ ትንፋሹ ቢኖርም፣ ከእንግዲህ ለማይድን ነው። በሪባኑ ጀርባ ሰዓቱ ይጻፋል፤ ሰውየው መናገር ከቻለ ስሙም ከነአባቱ። ጥቁር የታሰረላቸው ስለማይናገሩ፣ ፖሊስ መጥቶ ኪሳቸውን እስኪፈትሽ የስማቸው ቦታ ባዶ ይቆያል።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንዱ «ቁስሉን እንጂ ፊቱን አትዩ»፣ ሌላው «ጥቁር የታሰረለት ብቻውን አይሞትም»። ሁለተኛውን ራሳቸው ይፈጽሙታል፤ ሥራው ጋብ ሲል በርጩማ ስበው ከሚሞተው ሰው አጠገብ ይቀመጣሉ።

ያን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ገቡ። ብቸኛ ልጃቸው ትምህርቷን ጨርሳ በከሰዓቱ አውቶቡስ ትመጣለች። ነርሶቹ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ እያሉ ቀለዱባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሊቀበሏት ፈቃድ ጠይቀው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ከከተማው መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ መገልበጡ ተሰማ።

ሃያ ሦስት ሰው መጣ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ አንድ፣ ቀዶ ሐኪሙም አንድ ወጣት ዶክተር ብቻ። አሥር አለቃ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ሪባኖቹን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ማሰር ጀመሩ። ሆዱን የተመታ ጎልማሳ ቀድሞ ደርሶ ቀይ ታስሮለታል። እሳቸው ጥግ ካለው አልጋ ቀና ሲሉ፣ ጭኗ የተቀደደ ወጣት እጅጌያቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ እንዳትተወኝ» አለች።

አሥር አለቃ ደርቀው ቀሩ። ዶክተሩ ከማዶ ሆኖ ያያቸው ነበር። ፊቷን አዩ። ከዚያ ቀበቷቸውን ፈትተው ከቁስሏ በላይ ጠፍረው አሰሩት፤ ቀይ ሪባን አደረጉላትና «እሷ ትቅደም» አሉ።

ቀደመች፤ ተረፈችም። ጎልማሳው ተራው ሳይደርስ አረፈ።

የጎልማሳው ወንድም ኮሪደሩን በለቅሶ ሞላው። ልጃቸውን አስቀድመው ወንድሜን ገደሉት አለ። «አባዬ» ስትል ያልሰማ ስላልነበረ የተቃወመው የለም። አንዲት አሮጊት ነርስ ብቻ «የወለደ አልጸደቀ፤ ተዉአቸው» ብላ ለመነች። ዶክተሩ ግን አልተወም። አሥር አለቃን እንደ አባት ያምናቸው ስለነበር ከቁጣው ሐዘኑ ባሰበት።

ያገኛቸው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ጥቁር የታሰረላቸው አራቱ ሰዎች ዘንድ ነው። አራቱም አርፈዋል። አሥር አለቃ ጋውናቸውን አውልቀው አንዷን አልብሰዋል፤ እሳቸው በአዲሱ ሸሚዝ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ከሟቹ ወንድም የተደበቁ መሰለው።

«ልጅቷ ተርፋለች» አላቸው።

«ተመስገን» አሉ። ሊያይዋት ግን አልተነሡም።

«ፊት አትዩ ያሉን እርስዎ ነዎት። ሰውየው ቀድሞ ነበር የመጣው።»

«እሷ ሦስት ደቂቃም አልነበራት። እሱ የሚቆይ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ዶክተሩ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሊያመለክት ወሰነ፤ ሪባኑም እንዲቀር፣ አሥር አለቃም እንዲባረሩ። ለማስረጃ እንዲሆነው ሪባኖቹን ሁሉ ሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ በየሰዓታቸው ደረደራቸው። ፖሊስ ገና አልመጣም።

የልጅቷ ቀይ ሪባን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ይላል። ስሟ አልተጻፈበትም፤ ዶክተሩ፣ አሥር አለቃ ሆን ብለው ደብቀውታል ብሎ አሰበ። ሦስቱ ጥቁሮች ላይም ያለው ሰዓት ብቻ ነበር።

አራተኛው ጥቁር ሪባን፣ ከቀዩ በአንድ ደቂቃ የሚቀድመው፣ የአንዲት ሴት ሙሉ ስም ነበረበት፤ የአባቷም ስም ማንም የማይጠራው የአሥር አለቃ ስም ነበር።