የፀጉር ስፋት

ነፋስ ማመንጫው ጠፍቶ ነበር። የአውሮፕላን ክንፍ በሚፈተንበት የነፋስ ዋሻ ውስጥ፣ ባለሙያዋ የመጨረሻውን ብረት ከሚዛኑ ላይ አወረደችና የሚዛኑ አመልካች ቀስት እስኪቆም ጠበቀች። ባዶ ሚዛን ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ቀስቱ ግን የፀጉር ስፋት ሲቀረው ቆመ።

«ይኸው፣ ሚዛኑ ይዋሻል!» አለ የክፍሉ ኃላፊ። የወደቀችው አውሮፕላን ክንፍ የተለካው በዚሁ ሚዛን ነበር። ሚዛኑ ከዋሸ ጥፋቱ የክንፉ ነው፤ ካልዋሸ ግን የአብራሪው። በአደጋው የሞተው አብራሪ ደግሞ የባለሙያዋ ታናሽ ወንድም ነበር። «በቃ እህቴ፣ እዚህ ላይ ይብቃሽ። እናትሽም ቀና ብለው ይሂዱ።»

«ገና አላንኳኳሁትም» አለች። በዚያ የሙከራ ቤት ሚዛን ሳይንኳኳ ቀስቱ አይነበብም፤ ቀስቱ ተይዞ ከሆነ ሲንኳኳ ይለቀቃል። የታጠፈ ጣቷ አየር ላይ ቆየ።

«ተይው እንጂ» አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሷ ግን የሐዘንተኛ በር እንደምታንኳኳ ሁሉ የሚዛኑን እግር በቀስታ አንኳኳች። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ዜሮ ላይ አረፈ። ኃላፊው ፊቱን አዞረ።

ሥራው ሁለተኛ ማንኳኳት አይጠይቅም ነበር። አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ቀስቱ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።