የትርሲት እግር

የባሌት ዳንሰኛ ከመድረክ ስትወርድ እግሯ የሚያውቀውን ሁሉ ለተተኪዋ ማስረከብ አለባት። ደንቡ ነው። ሕመም የለውም ይባላል፤ ለሰጪዋ ግን መራመዱ ብቻ ይቀርላታል። ትርሲት ባስረከበች ዕለት እናቷ እትዬ አስካለ፣ «እግር ደግሞ ይወረሳል? ጫማ ነው እንዴ?» ብለው ቀልደው ነበር።

እሁድ ዕለት ተተኪዋ ኑሃሚን ብርቱካን ይዛ ልታመሰግን መጣች። ትርሲት ለምሳ ሳህን ልታወርድ ተነሳች። ሳህኖቹ ያሉት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለሷ ዓይነቱ ቁመት በጣት ጫፍ መቆም ግድ ይላል። ዛሬ ተረከዟ ከወለሉ አልላቀቅ አላት። ወንበር ፍለጋ ዞር ስትል ኑሃሚን በጣቷ ጫፍ ብድግ ብላ ሳህኖቹን አወረደች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሳላስበው ነው» አለች ደንግጣ።

«ምን ይቅርታ አለው? እግሩ እንደሆነ ያንቺ ነው» አለች ትርሲት። ወንበሩንም ስባ ተቀመጠችበት።

ኑሃሚን ሳህኖቹን ልታለቃልቅ ቧንቧው ጋ ሄደች። ሳይታወቃት አንድ እግሯን አጥፋ ሌላው ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። እትዬ አስካለ ወጥ እያማሰሉ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ያችን አቋቋም በጎን አዩዋት። ትርሲትን ከልጅነቷ ጀምሮ የተቆጡባት አቋቋም ናት።

«አንቺ ትርሲት፣ እንደ ሽመላ በአንድ እግር አትቁሚ ስንቴ ልበልሽ?»

ኑሃሚን እግሯን ቶሎ አወረደች።

«እሺ እማዬ» አለች ትርሲት ከተቀመጠችበት።